ዘብ ለማይለየው ወንድማችን

መብራት ይቆራረጣል፤ ውሃ በተራ ይመጣል። በየቤታችን ግን መቋረጥ የማያውቅ አንድ አገልግሎት አለ፤ እህቱ ከግቢ ስትወጣ ልብሷን የሚፈትሸው ወንድም። ደመወዝ አልጠየቀም፤ የዓመት ፈቃድ አልወጣም። ጠዋት ካልሲውን ፍለጋ ቤቱን የሚያተራምስ ሰው፣ የእህቱ ጉርድ ከጉልበቷ በስንት ጣት ከፍ እንዳለ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ በዓይኑ ይለካል። እንዲህ ያለ ተሰጥኦ በቀላሉ አይገኝም።

ዕውቀቱም ጥልቅ ነው። ሴት ሱሪ እንዳትለብስ ዘዳግም 22 ቁጥር 5ን በቃሉ ይዟል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ትንሽ ወረድ ቢል፣ ሱፍና ተልባ እግር ተቀላቅሎ የተሠራ ልብስ መከልከሉን፣ በልብስ አራት ማዕዘንም ዘርፍ እንዲደረግ መታዘዙን ያገኝ ነበር። ግን በምን ጊዜው? ከወገቡ አልቆም ያለውን የራሱን ሱሪም ሲጎትት ይውላል።

ታሪክም ከጎኑ ነው። በመጋቢት 1960 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ፣ ሥርዓቱን ሊገረስሱ የተነሱት ተማሪዎች «ባህላችን ተደፈረ» ብለው ሁከት አስነሱ። የእነሱ ኮትና ሱሪ ከላሊበላ የወረደ ሳይሆን አይቀርም። የዚያን ዘመን አያቱ በአፍሮና ከጉልበት በላይ በሆነ ቀሚስ የተነሱትን ፎቶግራፍ ከሳሎን ግድግዳ አውርዶ ቁም ሳጥን ውስጥ የከተተውም እሱ ነው፤ ለባህላችን ሲል።

ትልቁ ውለታው ግን እህቱን ማስተማሩ ነው። በእሱ ትጋት ሰፊ ቀሚስ ከሱሪ በላይ ደርቦ መውጣትን፣ ጓደኛዋ ቤት ጎራ ብሎ ቀሚሱን አጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ መክተትን፣ የጉርድን ጠርዝ በላላ ስፌት አስረዝሞ በአንድ መሳብ መተርተርን ተክናለች። ነጠላዋ እስከ በሩ ድረስ ከራስ እስከ ወገብ ትሸፍናለች፤ ከበሩ ማዶ የአንገት ልብስ ትሆናለች። እናትየው ደግሞ ልክ በመውጫዋ ሰዓት ከማዕድ ቤት «ና እስቲ ልጄ፣ ይህን ጆንያ አንሳልኝ» ትላለች። አንድ ጆንያ በየቀኑ ለምን እንደሚነሳ እስካሁን አልጠየቀም።

ሕግ ሥልጣን ሰጥቶት ነው እንዳትሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚስትን አካሄድ የመምራት ሥልጣን ሲሰጥ ለባል ነው የሰጠው፤ ያንንም የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ አስቀረው። ወንድማችን የሚሠራው ያለ አንቀጽ፣ በበጎ ፈቃድ ነው።

የሚያርፈው በሠርጓ ዕለት ብቻ ነው። እህቱ ትከሻና ጀርባ በሌለው ቬሎ ከመኪና ስትወርድ ጭራውን ከኋላ አንስቶ የሚከተላት፣ ፎቶ አንሺው ሳይጠይቀው ጥርሱን የሚያሳየው እሱ ነው። ኪራዩንም የከፈለው እሱ ነው። ጨርቁ ባነሰ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር ሲነገረው እንኳ አልተከራከረም።