የትራምፕ ጠበቃ ማን አደረገኝ?

ከቶሮንቶ መመለሴ ነው፤ ንዴቱ እንቅልፍ ስለነሳኝ እጽፋለሁ። ለመልሱ ብዬ የወሰድኩትን የአሜሪካ፣ የኬንታኪ ውስኪ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ፣ የሙሽራዋ አጎት መነጽራቸውን አስተካክለው ጽሑፉን ካነበቡ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እኛ ከመደርደሪያ ያወረድነውን አንተ ተሸክመህ ትመጣለህ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ስጦታ እኮ ነው» ብል፣ «እንግዲያው ለፕሬዚዳንትህ መልስለት፤ 51ኛ ግዛትህ አይደለንም ብለዋል በለው» ብለው ጠርሙሱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ሳቁ እስከ ጓዳ ተሰማ። ወጥ ይዛ የምትገባው አክስቴ እንኳ ቆማ ሳቀችብኝ።

ሜሪላንድ ውስጥ «ወደ መጣህበት ተመለስ» የምባል ሰው፣ ድንበር በተሻገርኩ ቁጥር የዋይት ሐውስ ቃል አቀባይ እደረጋለሁ። ባለፈው በጋም ፍራንክፈርት ያለው የአክስቴ ልጅ ስለ ኔቶ መዋጮ ሲያፋጥጠኝ አምሽቷል። ማንን እንደመረጥኩ የጠየቀኝ ግን የለም።

የሚያናድደው ደግሞ ጋሼ ሐቅ የያዙ መሆናቸው ነው። ካናዳውያን ይህን ሰውዬ፣ ትራምፕን፣ ለዓመታት ሲስቁበት ነው የኖሩት፤ ጠጉሩም፣ ስድቡም፣ የሌሊት ጽሑፉም የጎረቤት ቤት ጫጫታ ነበር። የያኔውን ጠቅላይ ሚኒስትራቸውን ትሩዶን እንደ አሜሪካ ግዛት አስተዳዳሪ «ገዥ» እያለ ሲጠራው፣ አገራቸውን ከግዛቶቹ አንዷ ላድርጋት ሲል፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ደግሞ በሸቀጦቻቸው ላይ የ25 በመቶ ቀረጥ ሲጥል ጫጫታው አጥር ዘሎ ገባ። ቶሮንቶ ያለችበት ክፍለ ሀገር ኦንታሪዮ የአሜሪካን መጠጥ ከሱቅ አወረደች፤ በሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ከ20 ነጥብ በላይ ሲመሩ የነበሩት ወግ አጥባቂዎችም በኤፕሪል ምርጫ በሊበራሎቹ መሪ በካርኒ ተሸንፈው መሪያቸው ፖሊየቭር የራሱን የፓርላማ ወንበር ጭምር አጣ። ዴንማርኮችም ግሪንላንድን እገዛለሁ ሲላቸው የተሰማቸው ይኸው ነው። ሰው የሌላ አገር መሪ ቢዋሽ፣ ቢሳደብ፣ የራሱን ዜጋ ቢያንገላታ አይቶ ያልፋል፤ አገሩን በስም ጠርቶ ሲደፍርበት ግን አይምርም።

ጋሼም ቢሆኑ በዓለም አቀፍ ሕግ ተቆርቋሪነት የተነሡ እንዳይመስላችሁ። እሳቸው እኮ ቀደም ሲል «ወንድ ማለት እሱ ነው፤ ያሰበውን ይናገራል» እያሉ በየድግሱ ሲያወድሱት የነበሩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 ትራምፕ በስልክ ከያኔው የሱዳን ጠቅላይ ሚኒስትር ሐምዶክና ከእስራኤሉ ኔታንያሁ ጋር ሲነጋገር፣ ግብፆች የሕዳሴ ግድባችንን ያፈነዱታል ያለ ዕለት ውዳሴው ቆመ። ባይደን ሲመረጥ እልል አሉ፤ ዓመት ሳይሞላው ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ለአሜሪካ ገበያ ከተሰጠው ከቀረጥ ነፃ ዕድል፣ ለማስወጣት ሲነሣ ደግሞ ሰልፍ ካልወጣህ ብለው እኔን በስልክ ያስጨነቁኝ እሳቸው ነበሩ። ያን ጊዜም ጥፋተኛው እኔ ነበርኩ፤ ዋሽንግተን አጠገብ እየኖርኩ ዝም በማለቴ!

ፒው የተባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2025 በ24 አገሮች ሲጠይቅ በናይጄሪያና በኬንያ አብዛኛው ሰው በትራምፕ እንደሚተማመን ተናግሯል፤ በሜክሲኮ ግን እጅግ ጥቂቱ ነው። ናይሮቢ ላለ ሰው እሱ የቴሌቪዥን ወሬ ሊሆን ይችላል፤ ሜክሲኮዎችን ግን ገና እ.ኤ.አ. በ2015 ወንጀለኞችና አስገድዶ ደፋሪዎች ይልኩብናል ብሏቸዋል፣ ድንበር ላይ የምሠራውን ግንብ ወጪም እናንተ ትከፍላላችሁ ብሏቸዋል። ታዲያ ምን ብለው ይውደዱት?

ይህን ሁሉ ለጋሼ ላስረዳ ስሞክር «አየህ፣ ትከላከልለታለህ» ተባልኩ። ከዚያ በኋላ ምን ይባላል? ስልካቸው የአሜሪካ፣ ጫማቸው የአሜሪካ፣ ማታ የሚያዩት ፊልም የአሜሪካ ሆኖ ሳለ አድማቸው የቆመው በእኔ ጠርሙስ ላይ ነው። የልጄ ክርስትና መቃረቡን ባስታውሳቸው «ሰውዬው እስኪወርድ ድንበሩን አልረግጥም» ብለው በሽማግሌዎቹ ፊት አወጁ፤ የክርስትና አባት ሊሆን ቃል የገባው ልጃቸውም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። እንግዲህ አበልጅ ከዚሁ ከሜሪላንድ መፈለግ አለብኝ፤ የምታውቁት ደህና ሰው ካለ በውስጥ ላኩልኝ።