የእንግሊዝኛ ቃል መሸምደድ ይብቃ

የድሬ ተማሪ የእንግሊዝኛ ደብተር ገልጣችሁ እዩ። ገጹ መሃል ለመሃል በመስመር ተከፍሏል። በግራ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺው። ለፈተና ይሸመደዳል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳል። ይህ አሠራር ልጆቻችንን እየጎዳ ነው።

«ኢቨንቹዋሊ»ን እና «ላስትሊ»ን ተመልከቱ። በደብተሩ ቀኝ በኩል የሁለቱም ፍቺ «በመጨረሻ» ነው። ስህተት አይደለም። ግን ልጁ ድርሰት ሲጽፍ ሦስት ምክንያት ይደረድርና ሦስተኛውን «ኢቨንቹዋሊ» ብሎ ይጀምራል። እዚያ ላይ የሚገባው «ላስትሊ» ነበር። «ኢቨንቹዋሊ» የሚባለው አንድ ነገር ጊዜ ወስዶ፣ ስንት መሰናክል አልፎ ሲሆን ነው። ባቡራችንን እንውሰድ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ገንዘብ ጠፋ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሥራው ለዓመታት ቆመ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ይህን ታሪክ በእንግሊዝኛ የሚያወራ ሰው ባቡሩ «ኢቨንቹዋሊ» አዲስ አበባ ገባ ይላል። «ላስትሊ» ቢል አያስኬድም። «ፋይናሊ» ደግሞ ሁለቱም ቦታ ይገባል፤ ባቡሩ ላይ ሲሆን ግን የጠባቂውን እፎይታም ይዞ ይመጣል። እንዲህ በሚያውቀው ታሪክ ውስጥ የሰማውን ቃል ልጅ በቀላሉ አይረሳውም።

የድሬ ልጅ እኮ ለዚህ እንግዳ አይደለም። ወደ ከፊራ ገበያ ውሰዱት። አትክልት የምትሸጠዋን ሴት በኦሮምኛ «ሜቃ» ብሎ ዋጋ ይጠይቃል። ወደ ሱማሌው ባለሱቅ ዞር ብሎ «ኢሚሳ» ይላል። ማንም ፍቺ አላስጻፈውም። ሰው ሲገበያይ ሰምቶ ነው የያዘው። ክፍል ሲገባ ይህን ችሎታውን የሚፈልግለት የለም፤ የሚያናድደኝም ይሄ ነው።

መምህራንን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ክፍሉ ይጨናነቃል፣ ፍቺ ማረምም ይቀላል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው። የቃሉ አገባብ ያልገባው ልጅ ጥያቄውን ራሱን ይስታል። ትምህርቱን እያወቀ ይወድቃል።

ቢያንስ የክፍል ፈተናው ይቀየር። «ፍቺውን ጻፍ» ከሚባል ቃሉን አስገብቶ ስለ ሰፈሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። አምስት ቃል ብቻ ቢሆንም ይበቃል። ወላጅም ማታ ደብተር ሲያይ «ትርጉሙ ምንድነው?» ብሎ አያብቃ። «መቼ ነው እንዲህ የሚባለው?» ብሎ ይጨምርበት። ይህን ለመጠየቅ እንግሊዝኛ መቻል አያስፈልግም።