ሠላሳ ሦስት ልብስና አንድ ነጠላ

በምኖርበት ሚኒያፖሊስ ቁም ሣጥኔን ከፍቼ የማባክነው ጊዜ ያሳፍራል። ሸሚዙ ከሱሪው፣ ጫማው ከቀበቶው ካልተስማማ ከቤት አልወጣም። እንደ እኔ ላለው የተዘጋጀ ምክርም አለ፤ ጫማና ጌጥ ሳይቀር 33 ዕቃ ብቻ አስቀርና 3 ወር እያቀያየርክ ልበስ ይላል። ደብረ ብርሃን ስሄድ ይህንኑ ለእናቴ አጫወትኳት። «ሠላሳ ሦስት? ለአንድ ሰው?» አለችኝ፣ ቡናዋን መቁላቷን ሳታቋርጥ።

የእሷ ልብስ አንድ ሣጥን አይሞላም። አንድ ቀን ግን በዚያው ቀሚስና በዚያው ነጠላ ሦስት ቦታ ስትሄድ አየሁ። ማለዳ ለቅዳሴ መስቀለኛ አጣፋችው። ስንመለስ የጎረቤት መርዶ ጠበቀን፤ በራችን ላይ ቆም ብላ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ዘቀዘቀችው። ማታ ክርስትና ቤት ስትገባ ጥለቱ ወደ ታች ተመልሷል። መስታወት አላየችም። እኔ ብሆን ሦስት ጊዜ እለብስ፣ ሦስት ጊዜ አወልቅ ነበር።

ደራርቦ መልበስንም ውጭ አገር እንደ ትልቅ ጥበብ ያስተምሩታል። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በሚኒባስ የወረደ ግን ትምህርቱን ጨርሷል። ከ 2,800 ሜትር ከፍታ ተነሥተህ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው የምታርፈው። የጣርማ በርን ዋሻ እንዳለፍን ጋቢው ይወልቃል፤ ደብረ ሲና ላይ ኮቱ፣ ሮቢት መዳረሻ ሹራቡ። የወለቀው ጋቢ ታጥፎ መቀመጫ ይሆናል። አጠገቤ የነበሩት የመንዝ አዛውንት ብቻ በርኖሳቸውን እንደ ደረቡ ወረዱ፤ ሙቀቱ እሳቸውን አይመለከትም።

ማጣትን ጥበብ እያልኩ አይደለም። እናቴ ሁለተኛ ነጠላ ብታገኝ አትጠላም፤ ከሻንጣዬም ሦስት ሹራብ ለአክስቶቼ ልጆች መርጣ አስቀርታለች፣ ደህና ደህናውን።

የመርዶው ዕለት እኔም የአባቴን ኩታ ደረብኩ። ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ጫማ፣ ነጭ ኩታ፤ አማረብኝ ብዬ ስወጣ እናቴ በሩ ላይ ያዘችኝ። ጥለቱ ከጉልበቴ በላይ እየተንዘረፈፈ ነበር።

«ሠርግ ነው እንዴ የምትሄደው?» አለችና ራሷ ገልብጣ አለበሰችኝ።