መኪናውን አንሡ፣ ልጆቹ ይጫወቱ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ተቆጥቼ ነው።

ሰኔ መባቻ ላይ ልጄን ልወስድ ኬጂ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንዲት እናት የልጇን ጫማ አየች፤ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ወደ መምህሯ ዞረችና «እኔ ልጄን የምልከው እንዲማር እንጂ ጭቃ እንዲያቦካ አይደለም!» አለች። መምህሯ አንገቷን ደፋች። ልጁ ግን አንድ እጁን ጨብጧል። እናቱ ፈልቅቃ ስትከፍተው ሦስት ጠጠርና አንድ የባሕር ዛፍ ፍሬ ወጣ። «ይሄ ትልቁ ነው፣ ይሄ ትንሹ ነው፣ ይሄ ደግሞ ይሸታል» አላት። እጁን ይዛ አራገፈችው። በሩ ላይ የቆምነው ወላጆች ሁላችንም ዝም አልን። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያ ልጅ እኮ እየተማረ ነበር። ትልቅና ትንሽ ለየ፣ አነጻጸረ፣ አሸተተ፣ ያገኘውን በቃላት ተናገረ። ደብተር ላይ ስላልሰፈረ ብቻ ከትምህርት አልቆጠርንለትም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን። ልጁ ግን ያቦካው ለራት ብሎ አይደለም። ውኃ ሲበዛ ጭቃው እንደሚፈስ፣ ሲያንስ እንደሚሰነጠቅ እጁ እየነገረው ነው።

«ትምህርት ቤቶቹ ግቢ የላቸውም» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ብዙው ኬጂ በኪራይ ቪላ ውስጥ ነው፣ የነበረችው ትንሽ ሣርም በሲሚንቶ ተሸፍናለች። ግን ማን ፈቀደላቸው? ልጃችንን ልናስመዘግብ ስንሄድ የምንጠይቀውን እናስታውስ። በእንግሊዝኛ ነው የምታስተምሩት? ስንት መጽሐፍ አለው? የቤት ሥራ በየቀኑ ትሰጣላችሁ? «ልጄ በቀን ስንት ሰዓት ውጭ ይጫወታል?» ብሎ የጠየቀ ወላጅ እኔ አላጋጠመኝም። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ደግሞ የምንጠይቀውን ነው የሚያቀርበው።

ለመሆኑ ኬጂ ስንል ምን ማለታችን ነው? ቃሉ ኪንደርጋርተን ከሚለው የጀርመንኛ ስም የመጣ ነው፤ የሕፃናት የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። ስሙን በ1840 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጀርመናዊው አስተማሪ ፍሬድሪክ ፍሮብል ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ትንሽ የአትክልት መደብ ይሰጥ ነበር። ልጁ ይዘራል፣ ያጠጣል፣ እስኪበቅል ይጠብቃል። እኛ ስሙን ወስደን አትክልቱን ተውነው።

የእኛም አገር ቢሆን ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደሉን የቆጠረው ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ከፊደል ውጭ ያለውን ደግሞ ሰፈር አስተማረን። ሰኞ ማክሰኞን አስቡት። መሬት ላይ መስመር ታሰምራላችሁ፣ ጠጠር ትወረውራላችሁ፣ በአንድ እግር ትዘላላችሁ። መስመር ከረገጣችሁ ተራችሁ አለፈ፤ ወጥታችሁ ትጠብቃላችሁ። ሚዛን አለው፣ የቀን ቅደም ተከተል አለው፣ ተሸንፎ ሳያለቅሱ መቆም አለው። ቅልሞሽም እንደዚሁ ነው። አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ትወረውራለህ፤ እሷ ሳትወድቅ ከመሬት መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት ታነሣለህ። ይህን የሚያህል የቁጥርና የዓይን ከእጅ ማቀናጃ ትምህርት በየትኛው ባለቀለም መጽሐፍ ውስጥ ታገኛላችሁ? እስቲ የአምስት ዓመት ልጃችሁን ቅልሞሽ ምን እንደሆነ ጠይቁት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ በእንቅስቃሴ እንዲያሳልፍ ይመክራል። ከዚያ ውስጥ 60ው ደቂቃ ሩጫና ዝላይን የመሰለ ጠንከር ያለ እንዲሆን ይላል። ስክሪን ፊት ግን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይገልጻል። አሁን የእኛን ልጅ ቀን ቁጠሩ። ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጧል። ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ሲመለስም ተቀምጧል። ቤት ሲገባ ደግሞ ስልኩን እንሰጠዋለን፤ ዝም እንዲልልን።

ፀሐዩስ? አገራችን ለቱሪስት ለብዙ ዓመታት ስትተዋወቅ የኖረችው በአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ነው። ሐኪሞቻችን ግን እግራቸው የተንጋደደ፣ ሪኬትስ (በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ) የያዛቸው ሕፃናት አሁንም ይመጡላቸዋል። ሰውነት ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ፀሐይ ቆዳን ሲያገኘው ነው። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ብርሃን ይህን አያደርግም። «ብርድ ይመታዋል፣ ምች ይመታዋል» እያልን የምንደብቀው ልጅ ከምንፈራው የባሰ እያገኘው ነው።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ መጣሁ። እኔም እዚያው ነኝ። በብሎኮቹ መካከል ያለው ቦታ የጋራችን ነው። ዛሬ ግን መኪና ተደርድሮበታል፣ የተረፈችው ጥግ ላይ «ኳስ መጫወት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። የኮሚቴ ስብሰባ ላይ ስለ ጥበቃና ስለ ውኃ ታንከር ሁለት ሰዓት እንከራከራለን። የልጆች ጉዳይ የሚነሣው መስታወት ሲሰበር ብቻ ነው። መኪና ይገጫቸዋል ብለን እንፈራለን፤ ፍርሃቱ ልክ ነው። ታዲያ መፍትሔው ልጁን መቆለፍ ነው ወይስ መኪናውን ዞር ማድረግ? በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «መንገድ ለሰው» ተብሎ እሑድ አስፋልት ሲዘጋ ምን እንደሆነ አይተናል። ልጆቹ ማንም ሳይጠራቸው ወጡ። ብስክሌት ያለው በብስክሌት፣ የሌለው በእግሩ። ቦታው ሲገኝ መጫወቱን የሚያስተምራቸው አላስፈለጋቸውም።

የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። የብዙዎቻችሁ ግቢ ሰፊ ነው፤ ዛፍም አለው። የዜሮ ክፍል ሕፃናት ግን አግዳሚ ላይ ተጣበው «ሀ ሁ ሂ» እያሉ ይጮኻሉ። አውጧቸው። ፊደሉን በእንጨት አፈር ላይ ይጻፉት። ቅጠል ለቅመው ይቁጠሩ። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ የርእሰ መምህሩን ቁጣ መቋቋም ግን ይጠይቃል። ያን ጊዜ እኛ ወላጆች ከጎናችሁ ልንቆም ይገባል፤ እኔ በዚያ በር ላይ እንዳደረግሁት ዝም ልንል አይደለም።

ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 31 መጫወት የልጅ መብት ነው ይላል። የእኛ የመልካም ፈቃድ ስጦታ አይደለም።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት እኛ ብሎክ ፊት ያሉትን መኪኖች እስከ ስድስት ሰዓት ዞር እንድናደርግ ጎረቤቶቼን ጠይቄአለሁ። አራቱ እሺ ብለዋል። ሁለት እናቶች ተራ ገብተው ይጠብቃሉ። ክፍት የነበረውን የፍሳሽ ጉድጓድ በሳንቃ ከድነናል። ጠመኔ ገዝቻለሁ። እናንተም በየብሎካችሁ በር አንኳኩ።