ገበሬውን ለፊርማ ብቻ አትጥሩት

ካዛንቺስና ስታዲየም አካባቢ በየሆቴሉ ስለ ደን የምትሰበሰቡ ወገኖቼ፣ ዛሬ ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው። እኔም ከመሃላችሁ ነኝ። ብትቆጡም ግድ የለኝም።

በቀደም ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ ስለ መሬት አጠቃቀም ዕቅድ ስብሰባ ነበር። ደን እንዳይመነጠር፣ ወደ አየር የሚወጣው ካርቦንም እንዲቀንስ ነው አሉ፤ ሐሳቡ ደግ ነው። ከካፋ አንድ አባት ተጠርተው መጥተዋል። ፓወር ፖይንቱ ጠዋቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ሲነጉድ ጋቢያቸውን ደርበው ዝም ብለው አዩ። ከዚያ ካርታው መጣ። አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ የቀለሞቹን ትርጉም ሹክ ሲላቸው ብድግ አሉ። ቢጫውን እየጠቆሙ "ይሄ ባዶ መሬት አይደለም፤ ቀፎ የምንሰቅልበት ኮቦአችን ነው" አሉ። ለማታውቁት፣ ኮቦ ቤተሰብ ከአባት የሚወርሰው የደን ድርሻ ነው። ወሰኑን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። የማያውቀው ጂፒኤስ ይዞ የሄደው ባለሙያ ብቻ ነው።

ሰብሳቢው ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? "አባቴ፣ ሰዓት ሄዷል፣ ምሳ ደርሷል፤ ሐሳብዎን በጽሑፍ ያቅርቡልን።"

በጽሑፍ! የሳቀም ነበር። ከሰዓት የአበል ፎርም ላይ አስፈረሟቸውና ሸኟቸው። ሪፖርቱ ሲወጣ "ማኅበረሰቡ በንቃት ተሳትፏል" ይላል። ቢጫውም እንዳለ አለ።

እኔ ይሄን ይቅር ማለት አልቻልኩም። ባዶ የተባለ መሬት ነገ ለባለሀብት ይሰጣል። ገበሬውም የኔ ካልሆነ ለማን ብዬ እጠብቃለሁ ብሎ መጥረቢያውን ያነሳል፤ ማን ይፈርድበታል? እኛ ግን እንፈርድበታለን፣ ያውም የጫካ ከሰል አቀጣጥለን ቡናችንን እየጠጣን።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ላይ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍም ሥራ ላይ ሲውልም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። ሲነደፍ ነው የሚለው እኮ፣ ካርታው ታትሞ ካለቀ በኋላ አይደለም።

ደግሞ አይቻልም እንዳትሉኝ። ወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከጉቶው አቆጥቁጦ ደን ሆኗል። ገበሬው በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ፣ የመጠቀም መብቱ ተረጋግጦለት ስለጠበቀው ነው። ደኑ ከአየር የሰበሰበው ካርቦን ተለክቶ፣ ልቀታቸውን ማካካስ ለሚፈልጉ ተሸጦ ገንዘቡ ለማኅበራቱ ደርሷል።

ለቀጣዩ ስብሰባም ጥሪ ደርሶኛል። ያው ሆቴል። እባካችሁ ወገኖቼ፣ ካርታው ቀለም ሳይቀባ ቀበሌ ይውረድ። ውይይቱ በካፍኛ ይሁን። ሴቶቹም ይጠየቁ፤ ማገዶ ለቀማ የሚሄዱት እነሱ ናቸው፣ ጫካው በየት በኩል እንደሳሳ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ትሰሙኛላችሁ ብዬ አልምልም፤ ስንቴ ተብሎ ስንቴ ቀርቷል። ግን በየመሥሪያ ቤቱ እንደኔ የበገነ አንድ ሁለት ሰው አይጠፋም። እናንተ ካላችሁ ያ ቢጫ ይስተካከል ብለን ደብዳቤ እንጻፍ፣ መጀመሪያ የምፈርመው እኔ ነኝ።