እርማት፦ የጎልፍ ኳስን የሚያነሳው የእጅ አንጓ አይደለም

«በአይረን (የብረት ራስ ባለው የጎልፍ ዱላ) ሲመታ ኳሱ እንዲነሳ አንጓህን አጥፈህ ከሥሩ ዛቀው» ተብሎ ለጀማሪው የተሰጠው ምክር ስህተት ነው፤ ብዙ ጀማሪ የሚቸገረውም በዚሁ ነው። ኳሱን የሚያነሳው ሎፍት፣ ማለትም የክለቡ (የመምቻ ዱላው) ፊት ወደ ኋላ ያጋደለበት ማዕዘን ነው። በ7 ቁጥር አይረን ይህ ማዕዘን 30 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ተጨማሪ እገዛ አያስፈልገውም።

ለመዛቅ ሲሞከር የሰውነት ክብደት በኋላ እግር (ከዒላማው በራቀው) ላይ ይቀራል፤ ክለቡም ዝቅተኛ ነጥቡ ላይ የሚደርሰው ኳሱ ጋ ሳይደርስ ነው። ስለዚህ ወይ መሬቱን ቀድሞ ይመታል፣ ወይም ሽቅብ እየወጣ ሳለ በታችኛው ጠርዙ የኳሱን ወገብ ያገኘዋል። ያኔ ኳሱ መሬት ለመሬት ይምዘገዘጋል፤ ጀማሪውም «አልዛቅሁትም» ብሎ ይበልጥ ይዝቃል!

ትክክለኛው ምት ቁልቁል እየወረደ መጀመሪያ ኳሱን፣ ቀጥሎ ሣሩን ይነካል። በዚያች ቅጽበት አብዛኛው ክብደት በፊት እግር (ለዒላማው በቀረበው) ላይ ይሁን፤ እጆችም ከክለቡ ራስ ትንሽ ይቅደሙ። ለመለማመድ ሣሩ ላይ መስመር አስምሮ ያለ ኳስ 10 ጊዜ መወዝወዝ ይበቃል፦ ክለቡ ሣሩ ላይ የሚተወው ጭረት መስመሩ ላይ ወይም ከመስመሩ ወደ ዒላማው በኩል መጀመር አለበት።

ድራይቨር፣ ማለትም ረጅም ርቀት ለመምታት የሚያገለግለው ክለብ፣ ይለያል። ኳሱ ቲ (መሬት ላይ የሚተከል ትንሽ የኳስ ማስቀመጫ) ላይ ስለሚቀመጥ በትንሹ ሽቅብ ይመታል፤ እሱም ቢሆን ኳሱን በፊት እግር ተረከዝ ትይዩ በማድረግ እንጂ በአንጓ አይደለም።