የነጋዴውን ግድግዳ ብቻ አይቶ መመለስ

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2024 ከ36 ሚሊዮን በላይ የውጭ አገር እንግዶች ተቀብላለች። በዚያው ዓመት ጊዮን በሚባለው የኪዮቶ ሰፈር ነዋሪዎች በግል መተላለፊያዎቻቸው ቱሪስት እንዳይገባ ከለከሉ። አልፈርድባቸውም። የሰው ደጃፍ ለፎቶ ማሳመሪያ ብቻ የሚፈልግ እንግዳ ለሰፈሩ ጫጫታ እንጂ ሌላ ነገር አይተውለትም። ግን ክልከላ ብቻውን የትም አያደርስም። እኔ የምለው፣ ወደ አሮጌ የነጋዴዎች መንገድ የሄደ ሰው ከፍሎ ወደ ቤቶቹ ይግባ ነው። በየመንገዱ ያሉት ትንንሽ ሙዚየሞች በራቸውን የከፈቱት ለዚህ ነው።

ኡቺኮን ልጥቀስ። በሺኮኩ ደሴት፣ በኤሂሜ ግዛት የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከግዛቱ ዋና ከተማ ከማትሱያማ በፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ዮካይቺ-ጎኮኩ የሚባለው መንገዷ 600 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ግራና ቀኙ ነጭና ፈዘዝ ያለ ቢጫ ልስን ባላቸው የነጋዴ ቤቶች የተሞላ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1982 በቅርስነት እንዲጠበቅ ወስኗል። ለሚራመድ ሰው አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ብዙው ሰውም እንዲሁ አልፎ ይሄዳል፤ ይህን ሁሉ ቤት ያሠራው ገንዘብ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ።

ገንዘቡ የሰም ነበር። የንብ ሰም አይደለም፤ ሃዜ ከሚባል ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ነው። ፍሬው ተፈጭቶ፣ በእንፋሎት በስሎ፣ ይጨመቃል። መጀመሪያ የሚወጣው ሰም ጠቆር ያለ ስለሆነ ዋጋ የሚያወጣው ሲነጣ ነው። የከተማዋ የሰም ነጋዴ የነበረው የሃጋ ቤተሰብ ቀልጦ የወጣውን ሰም ውሃ ላይ እያንጠባጠበ እንደ አበባ የሳሳ ፍንካች ያደርገውና በዝርግ ሣጥን ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር። የሳሳ ነገር ፀሐይ ቶሎ ይደርሰዋል፤ ሰሙም ቶሎ ይነጣል። ሻማው፣ የፀጉር ቅባቱ፣ መዋቢያው ሁሉ ከዚህ ተሠራ፤ ወደ ውጭም ተላከ።

ይህን የምናገኘው እ.ኤ.አ. በ1894 በተሠራው የካሚ-ሃጋ ቤት ነው፤ ዛሬ የሰም ሙዚየም ነው። ያስደነቀኝ የሳሎኑ ማማር አይደለም። ሰም የሚፈላበት ቤት፣ መጋዘኑ፣ የሠራተኞች ምግብ የሚበስልበት ማድ ቤት፣ የመውለጃ ክፍል ሳይቀር በአንድ ግቢ ውስጥ መሆናቸው ነው። የባለጸጋው ኑሮና የሠራተኛው ላብ የሚለያዩት በጥቂት እርምጃ ነበር። ከውጭ ሆኖ ይህን ማወቅ አይቻልም።

ወደ ባቡር ጣቢያው ቀረብ ብሎ ደግሞ ሌላ ሙዚየም አለ፤ የቀድሞ መድኃኒት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ገደማ የነበረው ኑሮ በአሻንጉሊት ሰዎችና በተቀረጸ ድምፅ ይታይበታል፤ ሻጭና ገዢ ይነጋገራሉ፣ ቤተሰቡ ገበታ ቀርቧል። ታላላቅ ሙዚየሞች የጦር አለቆችን ሰይፍ ያሳያሉ፤ የባለሱቅን እራት የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጥብኛል።

በመንገዱ ላይ ዛሬም ሻማ በእጅ ይሠራል። የእኛን ጧፍ የሚያውቅ ሰው ሥራው አይጠፋበትም፤ ልዩነቱ ክሩ ላይ ነው። ቀርከሃ እንጨት ላይ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በላዩ የቄጠማ ልብ ይጠመጠምበታል። ሠሪው ለብ ያለውን ሰም በመዳፉ እያሸ ደጋግሞ ያለብሰዋል። የተቆረጠ ሻማ መሐሉ ሲታይ እንደ ዛፍ ግንድ ክብ ክብ መስመር አለው፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ጊዜ የተለበሰ ሰም ነው።

የሰም ንግዱን የኤሌክትሪክ መብራትና ከነዳጅ የሚወጣው ርካሽ ሰም ገደሉት። ቤቶቹ ሳይፈርሱ የቀሩት፣ ንግዱ ሲቆም አፍርሶ የሚሠራ ገንዘብ ስለጠፋ ይመስለኛል። አሁን ግን ጣሪያና ልስን በየጊዜው መታደስ አለበት፤ በመንገድ ላይ ፎቶ አንስቶ የሚሄድ ሰው ለዚያ አንድ የን አያዋጣም። የሙዚየሙ ትኬት ከአንድ ምሳ ዋጋ አይበልጥም።

ለሥልጠናም ሆነ ለንግድ ጃፓን የምትሄዱ ወገኖች፣ ማትሱያማ ካደራችሁ ግማሽ ቀን ለኡቺኮ ስጡ። መጀመሪያ መድኃኒት ቤቱ፣ ከዚያ ካሚ-ሃጋ ግቡ። ፎቶው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።